የሰዓት ጠባቂው ቃል

ሳጊናው፣ ሚሺጋን። በረዶ የጣለ ማታ።
የአሮጌው ጂም ጠረጴዛ፣ የሰዓት ጠባቂው ቦታ።
ቀን ብረት አቅላጭ ነበርኩ፣ ከእቶኑ አፍ ስር፣
ማታ ደግሞ ቆጣሪ፣ ኳስ መሬት ስትነጥር።
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አውራ ጣቴ ከአዝራሩ ላይ፣
ስንቱን ልጅ አሳለፍኩ፣ ሲያድግ በዓይኔ ሳይ።
አንድ ዓመት ግን አለ፣
ሌላው ሁሉ ሲያልፍ ከእኔ ጋር የዋለ።

በዚያ ዓመት ሦስት ነበሩ፣
ከአንድ ሰፈር የወጡ፣ በአንድ ኳስ የተማሩ።

ኮርዴል፦ በአንድ በጋ አሥር ሴንቲ የተመዘዘ፣
ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ሽቅብ የተጓዘ፣
እጁ ገና ሳይበስል ቁመቱ የቀደመው፣
አሠልጣኝ ሁሉ ሌሊት በህልሙ ያለመው።

ኦሪን፦ አጭር፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን በላስቲክ አሳስሮ፣
ቀለበቱን ሳያስነካ መረብ የሚያስጮህ፣ ከሩቅ ወርውሮ።

ታይሪክን እንዴት ልበል?
እኔ ቁጥር እንጂ ቃል የማልችል።
ኳሷ ከመዳፉ ስር የምትከተለው ጥላ፣
የሚጠብቀው ልጅ ግን ራሱን ሲፈልግ ኋላ ኋላ።

ሰው ይጠይቀኛል፣ «ማን ነበር የበለጠው?»
እኔ ደግሞ እላለሁ፣ «ማን ነበር የመረጠው?»
ደረጃ ማለት ለእኛ ሁለት ነው ትርጉሙ፦
አንዱ በእግር መውጫው፣ አንዱ በወረቀት ስሙ።

የካቲት ላይ መልማይ መጣ፣ ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣
ከላይኛው ወንበር ወጣ፣ በረዶውን አራግፎ ጨርሶ።
በአንድ ነጥብ ተመርተን፣ ሦስት ሴኮንድ ሲቀር፣
ኳሷ ወደ ታይሪክ ከዳር መስመር ስትወረወር፣
ገና እጁ ሳትገባ አውራ ጣቴ ቸኮለ፣
ግማሽ ሴኮንድ ያህል ከዕድሜው ላይ ጎደለ።
ዘለለ። ለቀቃት። ቀዩ መብራት በራ።
ኳሷ ገባች፤ ዳኛው ግን አልራራ።
ልጁ ሰዓቱን አየ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።
ቢያየኝ ይሻል ነበር፤ እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

በሚያዝያ፣ ኮርዴል አንደኛ ዲቪዚዮን፦ አውሮፕላን፣ ሙሉ ወጪ፣ በየወሩ አዲስ ጫማ፣
አሥራ አምስት ሺህ ሰው ፊት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ የሌላውን ስም ሊሰማ።
ኦሪን ሦስተኛ፦ ለኳስ ሳንቲም የማይከፈልበት፣
በብድር ኬሚስትሪ ተምሮ ማታ ሳህን የሚያጥብበት፣
ስልሳ ሰውና አንድ ውሻ ጨዋታውን የሚያይበት።
(እዚያም ሠላሳ ነጥብ ያገባል። ማን ጻፈው? ውሻው?)
ታይሪክ አልጀብራ ወደቀ። እናቱ ኩላሊት ታማ፣
በሳምንት ሦስት ጠዋት እሷን ለእጥበት ሲያደርስ፣ የክፍል ደወል ሳይሰማ።
ካንሳስ ወረደ፣ ከስንዴ እርሻ መሃል ካለች የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣
አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ፣ ከማያውቀው ደጅ።

ያችን ግማሽ ሴኮንድ ዘጠኝ ዓመት ተሸከምኳት፣
እንደ ቀለጠ ብረት ጠብታ ጫማዬ ውስጥ አቆየኋት።

ባለፈው መኸር መልማዩን ነዳጅ ማደያ አገኘሁት፣ ሸምግሎ።
«የዚያ ማታ የታይሪክ ኳስ...» ስለው ራሱን ነቀነቀ፣ «የቱ ኳስ?» ብሎ።
«መንገዱ ሳይዘጋ ብዬ በሦስተኛው ሩብ ወጣሁ፤
ደግሞም ረጅሙን ልጅ መርጬ፣ ወረቀቱን ይዤ ነው የመጣሁ።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ።
አላልኩም። ጥፋቴም እንኳ የእኔ አለመሆኑ ከበደኝ።

ኳስም ትነጥራለች፣ ብረትም ይነጥራል፤ ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት፤
አንዷ ወድቃ ትነሣለች፣ አንዱ ይጠራል በእሳት።
የትኛው ልጅ በየትኛው እንደ ነጠረ፣
እቶን ፊት የኖርኩት እኔ እንኳ አላውቅም፤ ሳልለየው ቀረ።

ሐምሌ ላይ ሦስቱም መጡ፣ ወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ፣
መረቡ ሰንሰለት፣ መስመሩ የለቀቀ ቀለም፣ ዙሪያው የበቀለ ሰርዶ።
ኮርዴል ጉልበቱ በፋሻ፤ ኦሪን የአስተማሪ ሆድ አውጥቶ፤
ታይሪክ ከሥራው መኪና ወርዶ።
ሰዓት የለም። ዳኛ የለም።
ኦሪን ከሩቅ ለቀቃት፤ ታይሪክ ዞሮ ሳያያት «ገባች» አለ፤
ሰንሰለቱ ጮኸ፤
አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ
ምንም የሌለበትን ቦታ ተጫነ።